መጨረሻውን የሚነግሩን ጋሽ ዘውገ

ከሌባም ከቀማኛም የሚብስ ሰው አለ፤ ገና የጀመራችሁትን መጽሐፍ በእጃችሁ አይቶ መጨረሻውን የሚነግራችሁ። ሌባ ኪሳችሁን ነው የሚያወልቀው፤ እሱ ጉጉታችሁን። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ታድሏል። ለሶማሌ ተራ የደረሱን ክቡር ወክቡራን ጋሽ ዘውገ ናቸው፤ የምስማር አከፋፋይ፣ የፍጻሜዎች ሁሉ አብሳሪ።

ሱቃቸው ከእኔ ሰልባጅ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። "መጨረሻውን ልንገርህ?" ይላሉ፤ መልስ ግን ጠብቀው አያውቁም። አንዴ ጎረቤታችንን ኸይረዲንን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ሲያዩት "አክተሩ ይሞታል፣ ሂድ ሥራህን ሥራ!" አሉት። ሰልፉ በሙሉ ተበተነ።

ቫት መጣ በተባለ ሰሞን አንድ ባለ ስድስት ክፍል የአስማት መጽሐፍ ተተርጉሞ መርካቶ ገባ። ሚራ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከወንድሟ ጋር ሆና፣ የሰው ጥላ እየሰረቀ ዋሻው ውስጥ የሚያስር ጠንቋይ ታሳድዳለች። ጋሼ "የልጆች ነገር!" ብለው አጣጣሉት። በማግስቱ ደንበኛ መጥቶ "ስምንት ቁጥር ምስማር" ቢላቸው፣ ቀና ሳይሉ "ቆይ፣ ሚራ ዋሻ ገብታለች!" አሉት።

ከመጽሐፍ አከራዩ ከፉርቃን እሳቸው ቀድመው ይከራያሉ፣ እኔ እከተላለሁ። አምስቱንም ክፍል ያነበብኩት እንደ ገናዥ ነው፤ ማን እንደሞተ ቀድሜ እያወቅኩ።

አምስተኛው ክፍል ያለቀው ሚራ የገዛ ጥላዋን ለጠንቋዩ አስይዛ ወንድሟን ስታስፈታ ነው። ትወጣ ይሆን? ጋሼ እህል አልበላ አላቸው። ስድስተኛው በአንድ ቅጂ ብቻ ፉርቃን ጋ ሲመጣ ቀድመው ተከራዩትና፣ ምሳ ሲሄዱ ሹልክ ብዬ እንደማነብባቸው ስለሚያውቁ፣ ካርቶን ውስጥ ከአሮጌ ጋዜጣ ሥር ደበቁት። ሱቁን ሊጠብቁ የመጡት ባለቤታቸው እትዬ አመተ ሥላሴ ደግሞ ካርቶኑን እንዳለ ለቅመም ነጋዴዋ ለውባንቺ ሰጧት። ለመጠቅለያ!

"የሰውን ሁሉ መጨረሻ ስትናገር ትውላለህ፣ የደበቅክበትን ለሚስትህ ብትናገር ምን ነበረበት?" አሏቸው።

ጋሼ ሮጡ። "ውባንቺ፣ ልጅቷን ምን አደረግሻት?"

"የቷን ልጅ?"

"ሚራን!"

"ጋሼ፣ እኔ የሸጥኩት እርድ ነው።"

ያልተሸጠውን ጥቅልል ሁሉ አስፈቱ። የተሸጠውን እስከ ጎጃም በረንዳ ተከተሉ። በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ፤ አንዲት ሴትዮ አስቁመው "ይቅርታ እመቤት፣ የያዙት ኮረሪማ ገጹ ስንት ነው?" ሲሉ። በሳምንቱ ከአንድ ቅጠል በቀር መጽሐፉ ተሟላ። የጎደለው ግን የመጨረሻው ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ለማንም ምንም አልተናገሩም። ኸይረዲን በሰላም ፊልም አይቶ ወጣና "ምን ያደርጋል፣ አይጥምም" አለ። እኔም የግድግዳው ዝምታ አላስቀምጥ አለኝ።

አንድ ቀን ለቤቴ የተገዛ ጥቁር አዝሙድ ስፈታ፣ መጠቅለያው ላይ "ሚራ" የሚል አየሁ። ቅጠሉ! ቆሜ አነበብኩት። ቂሜን ሁሉ ይዤ ወደ ሱቃቸው በረርኩ።

"ጋሼ፣ መጨረሻውን ልንገርዎት?"

ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። "በእናትህ፣ እንዳትናገር!" ከዚያ አንዱን እጃቸውን ትንሽ ላላ አድርገው፣ "ብቻ... ትወጣለች?"

አፌን በላኝ። ግን ምስማር የሚቆጥሩት እነዚያ ጣቶች ለአንዲት ቃል የምትበቃ ቀዳዳ ትተው ሲጠብቁ አየሁና ቅጠሏን ሰጠኋቸው። በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ። "አዝሙዱ ነው" አሉ። ኸይረዲን በበሩ ሲያልፍ አይተውት ብድግ አሉ።

"አንተ! መጨረሻውን ልንገርህ?"

ኸይረዲን ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ሮጠ፤ ጋሼም ከኋላው። እኔም ወደ ሱቄ ገብቼ፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ለመሆኑ መጽሐፉን ልታነቡት አስባችኋል? ሚራ ትወጣለች።