የጀማል ቢዬላና የሰው ዓይን

በጭሮ ሾፌሮች ዘንድ ሞተር የሚሰብረው ምን ይመስላችኋል? የሰው ዓይን! ጎረቤቴ ጀማል በጫት መኪናው ላይ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጥሞ፣ ነዳጅ የሚረጨውን ፖምፓ ከልኩ በላይ አስከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ያስጓራዋል። ፒስተኑን የሚሸከመው ቢዬላ ለዚህ ሁሉ ጉልበት አልተሠራም፤ ብረት ሆኖበት ግን አቤት አይልም።

አንድ ቀን ሂርና ሳይደርስ አቀበቱ ላይ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። አብረውት የተሳፈሩት የጫቱ ባለቤት አዴ ፋጡማ ፀሐይ ከሚያጠወልገው ጭነታቸው አጠገብ ቆሙ።

"ዓይን ነው፣ አዴ! ወላሂ፣ ሰዎች ሲያዩኝ ነበር!"

"ሲያዩህ ታዲያ እግርህን ከነዳጁ ላይ አታነሳም ነበር?"

አሁን ሞተሩ ተቀይሯል። ጀማልም ተምሯል፦ መኪናው ግንባር ላይ የዓይን መከላከያ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ፖምፓውን ከበፊቱም ይበልጥ አስከፍቶታል። አዴ ፋጡማ ጫታቸውን በሌላ መኪና ይጭናሉ።

"አያችሁ?" ይለናል፤ "እሳቸውንም ዓይን ወሰደብኝ!"