ዐቃቤ ሳህን አስማማው አለቃቸው ዘንድ ወላጅ ያቀረቡበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዐቃቤ ሳህን አስማማው ዲቪ ደርሷቸው ላስ ቬጋስ በገቡ በስምንተኛው ወር፣ በካዚኖው ወጥ ቤት የሳህን ማጠቢያውን መንበር በያዙ በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ፕሮቤሽን የሚሉት የዘጠና ቀን ሙከራ ገና ሳያልቅላቸው፣ ይህ ነገር ሆነ። የጻፍነው አከራያቸው ወይዘሮ አስካል እንደነገሩን ነው፤ ወይዘሮ አስካል ደግሞ ሲነግሩ ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም።

እኒህ አስማማው ጥፍራቸው የተቆረጠ፣ ጸጉራቸው የተላጨ፣ ሳይፈቀድላቸው ሽንት ቤት ሄደው የማያውቁ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣታቸውን አውጥተው የኖሩ፣ ካርዳቸው ላይ «ጠባይ፦ በጣም ጥሩ» የተጻፈላቸው ተማሪ ነበሩ። ትምህርት ቤት ለሥራ ዓለም ያዘጋጃል ከተባለ እንግዲህ እንደ እርሳቸው የተዘጋጀ ከወዴት ይገኛል! አለቃቸው ዐቃቤ ሰዓት ሜሪ፣ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ፣ ብቅ ባለች ቁጥር ሥራቸውን ጥለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሳህኑም ይከመራል። ሜሪ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስለምትል ጸሐፊውም አንቱታውን ነፍጓታል።

ወእምዝ በወርኃ ጥር፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ አውቶቡሱ ዘግይቶባቸው አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ከሠራተኛ መግቢያው ደረሱ። በሩ ዝግ ነበር። የሚከፍተው ባጅ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ነገር ግን ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ደጅ ይቆማል የሚለው ሕግ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ ነበርና፣ ቆሙ። እንደ ትምህርት ቤታቸው ዘበኛ አለንጋውን ይዞ የሚወጣ መስሏቸው በዚያ በጥር ንፋስ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቁ። በመጨረሻም ቆሻሻ ሊጥል የወጣ ሠራተኛ ጠጠሩ ላይ ሊንበረከኩ ሲያጎነብሱ አገኛቸው። አራት ደቂቃ የነበረው ጥፋት ሃምሳ አራት ደቂቃ ሆነ፤ ይህም የሥነ ሥርዓት ፍሬ ነው።

ያን ጊዜ የሜሪ አዋጅ በስልካቸው ወጣ፦ «አስማማው፣ ዛሬ ሺፍት የለህም፣ ሂድ ቤት። ነገ ጠዋት ኦፊስ ና፣ ስለ ጆብህ ቶክ እናደርጋለን።»

ጀግናው ይህን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ሥራውን ለማግኘት አምስት ወር ተንከራተዋል፤ በሙከራ ጊዜ የተባረረ ደግሞ ወደዚያ ቤት አይመለስም። ግን ሳይውል ሳያድር ነገሩ ተገለጠላቸው። ተማሪ ወደ ቤቱ ሲባረር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ ወላጅ አምጣ!

ወላጅ እናታቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። ስለዚህ ሎን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር ክፍል ያከራዩዋቸውን አቶ ወልደሥላሴንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካልን ወላጅ ሆነው እንዲቀርቡላቸው እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኑ። በማግስቱም ዘመቻው ተነሣ፦ ከፊት በሱዳን በኩል የመጡት፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት ሊቀ ታክሲ ወልደሥላሴ በሠርጋቸው ሱፍ፤ ከጎናቸው ወይዘሮ አስካል ነጠላቸውን አጣፍተው፤ ከኋላ አስማማው የስምንተኛ ክፍል ካርዳቸውን በላስቲክ ይዘው፤ ከሁሉም በታች ቼክ ኢንጅን መብራቷ ከበራ ዓመት ያለፋት ካምሪ መኪናቸው።

ወደ ቢሮው ሲገቡ ሜሪ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይዛ ደርቃ ቀረች። አቶ ወልደሥላሴም ቆመው አወጁ፦ «ልጃችን አጥፍቷል። ሥጋው የአንቺ፣ አጥንቱ የእኛ! ቅጪው፤ ግን ከሥራ አታውጪብን!» ወይዘሮ አስካልም ቀጠሉ፦ «አንቺስ ምነው እንዲህ ከሳሽ? እህል ቅመሺ እንጂ፣ ሰው የለሽም?»

ሜሪ ካርዱን አየች፣ ነጠላውን አየች፤ እንዲህም ስትል አወጀች፦ «በእኔ ስኩል ቲቸር ፓረንት ሲጠራ ማንም አልመጣም። አባዬ ሁለት ሺፍት ነበረው። ሁልጊዜ ሥራ።» ዓይኗም ቀላ። ከወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመረች፤ በእንግሊዝኛ «ወላጅ» ብላ ጻፈች፤ ሁለቱንም አስፈረመች። ወደ አስማማው ዞራም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረች፦ «ጆብህ አለ። ባጅ አለህ፣ በሩን ክፈት! ሰው አትጠብቅ!»

በሳምንቱ አስማማው ሦስት ደቂቃ አረፈዱ። ከበሩ ፊት ቆሙ፤ ባጁን አስጠጉ። በሩ ተከፈተ። ዘበኛ የለም፣ አለንጋ የለም፤ የተከመረ ሳህን ብቻ ይጠብቃቸዋል።

ክብር ለዐቃቤ ሳህን አስማማው፣ ለሥርዓት አክባሪው፣ ለሦስት ደቂቃው ባለድል! ዐሥራ ሁለት ዓመት በር ላይ መቆምን ተምረው፣ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው አንዱን በገዛ እጃቸው ከፈቱ።