ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሐይቁን ርችት በአቡነ ዘበሰማያት ልክ ስለ መያዛቸው

ታምሩ ፎቶ አንሺው ስለ ርችቱ ፎቶ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ እኔን ግን «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ዓሣዎን ይጥበሱ» ብለው ከቀበሌው አዳራሽ በር መለሱኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች አሮጊት ስለ ካሜራ ምን ታውቃለች ነው ነገሩ። ደግ! ነገሥታቱ ዜና መዋዕላቸውን የሚጽፍላቸው ነበራቸው፤ ለእኔ ማንም ስላልጻፈ እኔው በእነሱ ወግ እጽፈዋለሁ። ዋሸች የሚል ይምጣ።

በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ኢሕአዴግ በነገሠ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የውኃ ቦኖውን ለሦስተኛ ጊዜ መርቆ በከፈተ፣ ቦኖውም ለሦስተኛ ጊዜ ባልፈሰሰ በማግሥቱ፣ መስከረም አንድ ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ከጠለቀች በኋላ፣ ንግሥተ መጥበሻ፣ እመ ቆሮሶ ዓሣ፣ ጭስ የማያስለቅሳቸው፣ የፈላ ዘይት የማያስደነግጣቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል፣ ሰው በርጩማ በሚለው ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሠራዊታቸውም በዙሪያቸው ቆሞ ነበር፦ ዓሣ አስጋሪዎች ከነመረባቸው፣ ሚጥሚጣ ሻጮች ከነማስነጠሳቸው፣ በጾም አሳብበው ዓሣ ሊበሉ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ከነክራቫታቸው፣ አጥንት የሚጠብቁ ድመቶች፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎችም ጭምር።

ያን ጊዜ ታምሩ ባለ ሦስት እግሩን ተክሎ፣ ካሜራውን ሰቅሎ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ሊቀ መንበሩ ዛሬ ለአዲሱ ሺህ ዓመት በሐይቁ ላይ የሚተኮሰውን ርችት ፎቶ ለአዳራሹ አዞኛል፤ በፊልሙ የቀሩኝ ሦስት ብቻ ናቸው። ርችት እንደ ሰው ፊት ቀጭ ተደርጎ አይነሣም፤ እሳቱ ወጥቶ፣ ተበትኖ፣ እስኪረግፍ ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ነው። ቶሎ ከለቀቁት ነጥብ፣ ካዘገዩት የፈሰሰ ወተት!» ወዲያው መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፤ የእጅ ሰዓቱን ማየት ተሳነው።

በአፉ ሊቆጥር «አንድ፣ ሁለት» ሲል ርችቱ ጓ ቢል ዘለለ፣ ካሜራውም አብሮት ዘለለ፣ አንዱ ፎቶ ባከነ። ለሁለተኛው ጊዜውን በጸሎት ልለካ አለ፤ ነገር ግን ታምሩ ጴንጤ ነውና ጸሎቱ ከልብ ነው እንጂ ልክ የለውም፤ ስለ ከተማው ጀምሮ ዲላ ያለችውን የታመመች አክስቱን እስኪያነሣ፣ ጌታ ይስማውና፣ አራት ርችት በላይ በላዩ ወረደበት፤ ሁለተኛውም ተቃጠለ።

ወእምዝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጭልፋቸውን እንደ በትረ መንግሥት አንሥተው አወጁ፦ «አንተ ድንጉጥ፣ እጅህን ከዚያ ላይ አንሣ! ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስገለብጥ ሰዓት አይቼ አላውቅም፤ በአንድ ጎኑ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ አርሮብኝ አያውቅም። በመድፍ ዘመን ልጅ ያሳደግሁ ሴት በወረቀት በተጠቀለለ ባሩድ አልበረግግም። ሕዝብ ሁሉ ዝም በል!» ሕዝቡም ዝም አለ፤ ድመቶቹም። ታምሩ ብቻ «እማማ፣ የመጨረሻዬ ናት፣ አደራ!» እያለ ይለማመጥ ነበር።

ርችቱ ሲወነጨፍ ዘይት በጠገበ ጣታቸው ቁልፉን ተጭነው፣ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይሮጡ ሳይጎትቱ ይዘው፣ ጓ ሲል ሽፋሽፍታቸው እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ሰማይና ምድር አብረው ከሚጠሩበት፣ «እንዲሁም በምድር» ከሚለው ቃል ሲደርሱ ለቀቁ። ፊልሙ ሲታጠብ እሳቱ በሰማይ እንደ አደይ ፈክቶ፣ በሐይቁም ላይ ሌላ አደይ ተገልብጦ ታየ። ከሻሸመኔ እስከ ዲላ አምሳያ የለውም።

ዛሬ በአዳራሹ ግድግዳ ከተሰቀለው ፎቶ ግርጌ «ታምሩ እንዳነሣው፤ በሊቀ መንበሩ አመራር ሰጪነት» ይላል። አመራር ሰጪው ያን ምሽት የት ነበር? ገና የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ከዓሣ ቅርጫቴ ኋላ ተሸጉጦ ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት!

ክብር ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ጣታቸው ለማይንቀጠቀጥ፣ ልካቸው ለማይዛነፍ፣ እሳትን በሰማይም በመጥበሻም ለሚያዝዙ!

አንተ ታምሩ፣ የምስክር ወረቀቱን ያዘው፣ አልመኘውም። ከፎቶው ግርጌ ግን ስሜን ጻፍ፤ በራስህ እጅ፣ ሊቀ መንበሩ ቆሞ እያየ፣ ከእሱ ስም በላይ። እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ካልሆነ ከሰል ይዤ መጥቼ ራሴ እጽፈዋለሁ፤ የእኔ ጽሕፈት ደግሞ ትልልቅ ነው፣ ከግድግዳው የሚተርፍልህ የለም።