ፈረስ የሚልሰው ምሰሶ

(አሰላ፣ ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.፣ ክረምት ሲገባ። የአንድ ፊታውራሪ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። ታች የሁሴኖ ጨው መደብር ነው፤ ቤተሰቡም እዚያው ያድራል። ደጁ ላይ ኖራ የተቀባ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። የማዘጋጃ ቤቱ መርማሪ አቶ ወልደሰንበት መዶሻ ይዟል።)

ወልደሰንበት፦ ፈረስ ሲሚንቶ አይበላም አልኩህ።

ሁሴኖ፦ አይበላም ጌታዬ፣ ይልሳል። በገበያ ቀን እዚህ ካሰሩት ሣር እንኳ አያምረውም።

ወልደሰንበት፦ ምን አግኝቶ?

ሁሴኖ፦ እኔ እንጃ። ጨዉን የምከምረው እዚሁ ነው።

ወልደሰንበት፦ ቶሎ በል፣ ቢሯችን እያፈሰሰ ነው ትቼው የመጣሁት። (ምሰሶውን ይመታል) ስማ፤ ጤነኛ ድምፅ ነው።

ሁሴኖ፦ (ከመሬት ፍርፋሪ እያነሳ) ከድምፁ ጋር የወረደችውስ?

ወልደሰንበት፦ ኖራ ናት።

ሁሴኖ፦ ጠጠር ያለው ኖራ?

ወልደሰንበት፦ ጥሩ ኖራ ጠጠር አለው።

ሁሴኖ፦ ይሄ ቀዩስ? ፌሮው የዛገ መስሎኝ ነበር።

ወልደሰንበት፦ ሲሚንቶ ሲጠነክር ይቀላል።

ሁሴኖ፦ ስንጥቁስ? እጄ ይገባል እኮ።

ወልደሰንበት፦ መተንፈሻ ነው። ፎቅ ካልተነፈሰ ይታፈናል።

ሁሴኖ፦ እኔ ደነዙ! ፎቁ ላይ የኢተያ ስንዴ በተጫነ ቁጥር ሲንቋቋ ልጆቼን አቅፌ አድራለሁ። ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። ሚስቴ ሰኪናም ይደፋብናል እያለች ታለቅሳለች።

ወልደሰንበት፦ የፊታውራሪ ቤት ነው። ሊወድቅ ቢያስብም አይደፍርም።

ሁሴኖ፦ እንግዲያ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም ደህና ነው ይሏቸዋል?

ወልደሰንበት፦ ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ።

ሁሴኖ፦ ሳያዩት?

ወልደሰንበት፦ የፊታውራሪን ቤት አይቼ ምን ላተርፍ?

ሁሴኖ፦ እርስዎ ራስዎ ከሥሩ ይቀመጣሉ?

ወልደሰንበት፦ ዕድሜ ልኬን።

ሁሴኖ፦ አልሐምዱሊላህ። ሹሙም እንደዚያው ነው ያሉኝ።

ወልደሰንበት፦ ምን አሉህ?

ሁሴኖ፦ ሰኪናና ልጆቹ ዛሬ እህቴ ቤት ገብተዋል፤ መደብሩን ልለቅ ነው ብዬ ሄጄ ነበር። «ደግ አደረግህ፤ ወልደሰንበት ደህና ነው ብሎናል፣ ቢሯችን ወደዚያ ይዛወራል፣ እሱ ይቅደም» አሉ። ጠረጴዛዎን በጋሪ ልከውታል፤ ያው ደርሷል።

ወልደሰንበት፦ (ወደ ፎቁ እያየ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ይወጣል) ሁሴኖ… ያ ፈረስ፣ በጣም ነው የሚልሰው?

ሁሴኖ፦ እኔ ደነዙ ምን አውቄ ጌታዬ? (የጠረጴዛውን ጫፍ ያነሳል) መተንፈሻው አጠገብ ላድርግልዎ?