ሻምበልና የሐጂ ሸምሱ መጋዘን

ውሻ ማለት ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ የሚፈታ፣ ከሰው የተረፈውን የሚበላና ስሙ ሲጠራ የሚመጣ የግቢ ጠባቂ ነው። እኛ የጭሮ ከተማ ሰዎች በዚህ ፍቺ ተስማምተን ስንኖር ሻምበል መጣ።

ሻምበል ቴሪየር የሚባል ዝርያ ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው፤ ይህን ለእሱ የነገረው ግን የለም። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። አስተማሪ ስለሆንኩ ትዕግሥት ያለኝ መስሎት ይሆናል። የምኖረው ሐጂ ሸምሱ ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። ሐጂ እህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። የመጋዘኑ ወዛደሮች ሻምበልን መጀመሪያ ያዩት ቀን ማዳበሪያቸውን አውርደው «ኩን ሰሬዳ?» ተባባሉ። ውሻ ነው ወይ ማለታቸው ነው። አንዱ አየት አደረገውና «ካልሲ ነው» አለ።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ጠጉሩ ሽቦ ስለሚመስል በሳምንት አንዴ ማበጠር፣ ጆሮውን ማየት፣ ገላውን ቶሎ ቶሎ አለማጠብ። የሚከብደው ጉልበቱ ነው። በቀን ሁለቴ ካላንሸራሸሩት ራሱ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን ፈተና ሳርም ብዘገይ የግራ ጫማዬን ጨረሰው። የቀኙን ለምን ተወው? የሚቆፈር መሬት አግኝቶ ነው። ዘሩ የተራባው አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጣ ነውና፣ አፈር ባየ ቁጥር ከሥሩ ጠላት የተኛ ይመስለዋል።

ፍርሃት የሚባል ነገርም አያውቅም። ጎረቤት ከተማ ሂርና ይዤው ስሄድ አንዲት ግመል ፊት ቆሞ ጮኸባት። ግመሏ ቁልቁል አየችው፤ ምን እንደሆነ ስላልገባት መሰለኝ መንገድ ቀየረች። ሻምበል እስከ ዛሬ አሸንፌያታለሁ ብሎ ነው የሚኖረው።

ችግሩ የመጣው ሐጂ ታጥበው ውዱእ አድርገው ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ሲወጡ ነው። ሻምበል ሮጦ ሄዶ እግራቸውን ላሰው። በእሳቸው ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ሐጂ አልጮኹም። ታጠቡ። ሰግደው ተመለሱና በሬ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ወላሂ አንተን እወድሃለሁ» አሉኝ። «እስከ ጁምዓ ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አብራችሁ ውጡ።»

ጭሮ ውስጥ ክፍል ማግኘት ቀላል አይደለም። ውሻውን ደግሞ ለማን እሰጠዋለሁ? ካልሲ ማን ይቀበላል? ሰኞና ማክሰኞ ስጨነቅ ዋልኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻምበል የለም። ግድግዳው ሥር ግን ጉድጓድ አለ። ከወዲያ በኩል ከመጋዘኑ ውስጥ ጫጫታ ይሰማል። ሐጂ ቁልፍ ይዘው መጡና ከፈቱ። ከገለምሶ የመጣው የማሽላ ማዳበሪያ ሁሉ በቦታው ነው። ሻምበል መሐል ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ አሥራ አንድ አይጥ ተጋድሟል።

ሐጂ አይጦቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «ድመቴ እዚህ ቤት ከገባች ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ሼኹን ጠየቁ። ለአደንና ለጥበቃ የሚሆን ውሻ ይፈቀዳል ተባሉ። ሻምበል እግር እንዳይልስ በሚል አንድ ውል ታረቅን። እኔም ጽናት ፍሬ አለው ብዬ ለተማሪዎቼ አስተማርኩበት።

ወሬው ግን ሩቅ ሄደ። የሐጂ መጋዘን አይጥ የለበትም ተባለ። የሂርናውም የገለምሶውም ነጋዴ እህሉን እዚያ ማስቀመጥ ፈለገ። ማዳበሪያው ጣሪያ ደረሰ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተደረደረ፣ ከዚያ መስኮቴን ሸፈነው።

ሐጂ አንድ ጠዋት አንኳኩ። አፍረው ነበር።

«መምህር፣ ክፍሏን ለእህል ፈልጌያታለሁ። እስከ ጁምዓ ብትፈልግ ሌላ ቤት።»

«ሻምበልስ ሐጂ?» አልኳቸው።

«እሱማ ሥራ ላይ ነው» አሉ።

ጁምዓ ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ሻምበል ከመጋዘኑ በር ሆኖ እስከምንርቅ ጮኸብን።