የአክስቴ የአርጋን ጠርሙስ

ለሩቅ ሰው ብቻ ሆዱ የሚባባ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አርባ ምንጭ ከሚገኘው የአክስቴ ቤት መመላለስ ስጀምር አገኘሁ፤ አክስቴን።

አክስቴ ከሞሮኮ የመጣ፣ አርጋን ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት አላት። ፊቷን ትቀባዋለች፤ ምግብም ላይ ታፈሰዋለች። «ፍሬውን በእጃቸው የሚፈለፍሉት ሴቶች ተገቢውን ዋጋና ክብር ያገኛሉ» ስትል እንባዋ ይቀድማታል። እንዲህ ያለ ልብ አይደነቅም ትላላችሁ?

ባለፈው ሳምንት የባሏ እናት ራሳቸው የናጡትን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከደጋው፣ ከጨንቻ ወረዱ።

«ለጠጉርሽም ለወጥሽም ይሆናል፣ ልጄ» አሏት።

«ይሸታል፣ እማማ» ብላ ጓዳ ጥግ ወሸቀችው። እማማም እዚያው ሰነበቱ።

እሑድ የቢሮ ባልደረቦቿ ለምሳ ሊመጡ ሲሉ ግን ዘይቱ አልቆ ተገኘ። ምን ታድርግ? የአርባ ምንጭ ሙቀት ያቀለጠውን ቅቤ በባዶው ጠርሙስ ሞልታ አቀረበች።

እንግዶቹ ትኩስ ድንች ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። «ውይ፣ ሲጣፍጥ! ከለጋ ቅቤ በምን ይለያል?» አለች አንዷ።

«የሞሮኮ ነዋ! የሠሩት ሴቶችም ክብራቸውን ያገኛሉ» አለች አክስቴ ቀና ብላ።

እማማ ድንቻቸውን እየላጡ፣ ቀስ ብለው፣ «እኛ እንኳ ገና አላገኘንም፣ ልጄ» አሉ።