ሙሉ ፓኬት አረንጓዴ ሻይ

ሳይጨምር የሚያወራ አስጎብኚ ካያችሁ እባካችሁ አሳዩኝ፤ ላሊበላ ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ እኔን አላጋጠመኝም። እንዋሻለን ማለቴ አይደለም። ግን እንግዳው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ «እርግጠኛ አይደለሁም» ቢባል ደስ ይለዋል? ስለዚህ አንዱን ሜትር ሁለት፣ «ምናልባት»ን «ያለጥርጥር» እናደርገዋለን። ሙያ ነው።

ታዲያ በቀደም ካስጎበኘኋቸው አንዷን፣ ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ሐኪም፣ እኔ ቤት ምሳ ጋበዝኩና ከአጎቴ ከጋሽ ይመር ጋር አስተዋወቅኋት። ጋሼ ለልባቸው ክትትል ከብልባላ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ስትሄድ አንድ ፓኬት አረንጓዴ ሻይ ሰጠቻቸው። በልኩ አዘውትሮ መጠጣት ለደም ሥርና ለልብ ትንሽ ሊጠቅም ይችላል ይባላል፣ ነገሩ ግን ገና አልለየለትም፣ ኪኒናቸውንም አይተካም፣ ደግሞ ሐኪማቸውን ያማክሩ አለች። እኔ ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ስመልሰው ምን ብል ጥሩ ነው? ጋሼ፣ ደም ሥርዎን ጠራርጎ ያወጣልዎታል አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ሳብራራ ባለቤቴ ደወለች። ጋሼ ልባቸው ይደልቃል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎ ድረስ አለችኝ። እንግዶቹን ለባልደረባዬ ጥዬ ባጃጅ ያዝኩ። ያ ዳገት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ለካ ኮሶ እየጠጣ ያደገ ሰው መድኃኒት በስኒ አይጠጣም። ሆድ የሚጠርገው በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። ደም ሥር የሚጠርገውስ በምን ይለያል? ጋሼ ማልደው ፓኬቱን እንዳለ ድስት ውስጥ ገልብጠው፣ አፍልተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ጭልጥ አድርገውታል። ኪኒናቸውን ደግሞ ሁለት መድኃኒት እንዳይጣላ ብለው ትተውታል።

ሆስፒታል ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጣጠፈ። ሐኪሙ ያ ሁሉ ሻይ በአንዴ ለደከመ ልብ አይሆንም፣ ምቱ እስኪረጋ እንጠብቅ አለ። ጠበቅን። ማሽኑ ላይ የምትዘለውን መስመር እያየሁ ስለት ተሳልኩ፤ እሳቸው ብቻ ይትረፉልኝ እንጂ ከእንግዲህ አንድ ሜትር አንድ ሜትር ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ምቱ ረጋ። ይሄኔ ሐኪሙ ተቆጣ፤ ለመሆኑ ይህን ማን ነው የመከረዎት አላቸው። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ።

ጋሼ በደከመ ድምፅ፣ ሳይቆጡ፣ ይኸ ልጅ ነው አሉ። ለፈረንጅ እንደሚጨምርማ አውቃለሁ፤ ለእኔም ይጨምራል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።